ለኦንላይን ኮርስ የአማርኛ ፎንት ስትመርጡ፦ ኖቶ፣ አቢሲኒካ፣ ኒያላ ወይስ ኢብሪማ?

አንድ ማታ በቴሌግራም መልእክት ደረሰኝ። «ቲቸር፣ 8 ቤት አንድ ባይት ነው ያልከው አልገባኝም። የምን ቤት ነው?» ትላለች ተማሪዬ። ያኔ የኮምፒውተር መሠረታዊ ትምህርት በአማርኛ እየቀዳሁ አስተምር ነበር። ስላይዱን ከፍቼ አየሁት። «8 ቢት» ነው የሚለው፣ ጥርት ብሎ ይነበባል። ግራ ገባኝ። ከዚያ እሷ በምታየው መንገድ ልየው ብዬ ቪዲዮውን በስልኬ ከፈትኩና ጥራቱን ወደ 360 አወረድኩት። ልክ ነበረች። የ«ቢ» እግር ሥር ያለችው አግድም ጭረት ተድበስብሳ የ«ቤ»ን ቀለበት መስላለች። ላፕቶፔ ላይ ያማረኝ ቀጭን ፎንት እሷ ስልክ ላይ ሲደርስ ሌላ ቃል ሆኗል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፎንት ስመርጥ «ያምራል ወይ?» ብዬ አልጀምርም። መጀመሪያ የምጠይቀው ተማሪው ስልክ ላይ ፊደል ከፊደል ይለያል ወይ የሚለውን ነው። ከታች ያለው ንጽጽር በሙሉ የቆመው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ከንጽጽሩ በፊት ግን ከነጭራሹ ከውድድር ውጪ የሚሆን አንድ ወገን አለ።

ዩኒኮድ ያልሆነውን አሁኑኑ ተሰናበቱት

ብዙ መምህር ለዓመታት ያከማቸው የማስተማሪያ ጽሑፍ አለው። አንዳንዱ በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ነው። እነዚያ ፎንቶች በጊዜያቸው ትልቅ ውለታ ውለዋል፣ ኮምፒውተር አማርኛ በማያውቅበት ዘመን አማርኛ አጽፈውናል። ያጻፉን ግን የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነው፣ ፎንቱ ደግሞ በላዩ ላይ የአማርኛ መልክ ያለብሰዋል። ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ ልብሱ ይወልቅና የማይነበብ የላቲን ዝብርቅርቅ ይወጣል።

ዩኒኮድ የሚባለው ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ፣ ኮምፒውተሮች የሚጋሩት ሥርዓት ነው። የግዕዝ ፊደል በእሱ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በኋላ «ሀ» የትም ብትሄድ «ሀ» ናት፣ የሚቀያየረው መልኳ ብቻ ነው። የእናንተ ጽሑፍ የትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ አንድ አንቀጽ ቀድታችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ዩኒኮድ ነው። ዝብርቅርቅ ከሆነ አይደለም። (የእነዚያው ፎንቶች የኋላ እትሞች ዩኒኮድ የሆኑ አሉ፣ ስለዚህ በስም ብቻ አትፍረዱ።)

ይሄ የውበት ጉዳይ አይደለም። ዩኒኮድ ያልሆነ ጽሑፍ ውስጥ ተማሪው አንድ ቃል ፈልጎ አያገኝም። ዓይነ ስውር ተማሪ ደግሞ በስክሪን አንባቢ ሲከፍተው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይጮህበታል። ያንን ተማሪ ገና በበሩ ላይ ነው የመለስነው። ጽሑፉን የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ፣ ቀይሩት። ከቀየራችሁ በኋላ ግን በዓይናችሁ አንብቡት። እንደ «ቋ»፣ «ጓ»፣ «ኳ» ያሉት ፊደላትና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲቀየሩ የሚበላሹ የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ፊደላችን የሚለየው በትንንሽ ነገር ነው

የእንግሊዝኛ ፎንት ምክር ገልብጠን አማርኛ ላይ ስንለጥፍ የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ላቲን 26 ፊደል አለው፣ ትልቅና ትንሽ ሲባል 52። እኛ 33 የፊደል ዘር በሰባት ሲባዛ 231፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ዲቃሎቹ አሉ። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ እያልን የወረድነው ገበታ ውስጥ አንዱን ከሌላው የሚለየው አንዲት ጭረት፣ አንዲት ቀለበት፣ አንዲት የታጠፈች እግር ናት። ፎንቱ ያቺን ትንሽ ነገር ካልጠበቃት ቃሉ ይቀየራል።

እኔ የምጠቀምባቸው ጥንዶች እነዚህ ናቸው። አንድ ስላይድ ላይ አስቀምጡና በስልክ እዩዋቸው፦

ደመረ / ጀመረ
ጠመቀ / ጨመቀ
ሰማ / ሸማ
ብር / በር
ቢት / ቤት
ቋ / ቃ

«ደመረ»ን ከ«ጀመረ» የሚለየው የመጀመሪያው ፊደል አናት ነው። የሒሳብ ኮርስ ላይ ሁለቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊመጡ ይችላሉ። «ብር» እና «በር» የሂሳብ መዝገብ አያያዝ ትምህርት ላይ ቢምታቱ ተማሪው ከዐውዱ ይገምታል፣ እውነት ነው። ግን በየመስመሩ እየገመተ የሚያነብ ተማሪ ትምህርቱን የሚያስብበት ጉልበት ከየት ያመጣል? ሃያ ደቂቃ እንዲህ ካነበበ በኋላ ቪዲዮውን ይዘጋዋል፣ ለምን እንደዘጋውም ላያውቅ ይችላል። «ትምህርቱ ከበደኝ» ነው የሚለው።

ስልኩን ክንድ በሚያህል ርቀት ያዙት። የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጉት። ከተቻለ ከእናንተ ሌላ ሰው፣ በተለይ መነጽር የሚያደርግ ሰው ያንብበው። እናንተ የጻፋችሁትን ስለምታውቁት ዓይናችሁ ያልተጻፈውንም ያነብላችኋል።

ተወዳዳሪዎቹ

*ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ።* በጉግል የተሠራ፣ ነፃ። ጭረቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ነው። የብዕር እጅ የለበትም፣ ቀጥ ያለ ነው። ፊደል ሲጠፋ የሚመጣውን ባዶ ሳጥን የሙያው ሰዎች «ቶፉ» ይሉታል፣ ኖቶ የሚለው ስምም «ቶፉ የለም» ከሚለው የእንግሊዝኛ አባባል የወጣ ነው። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ግን ስሙ አይደለም፣ ውፍረቱ ነው። ከ100 እስከ 900 ድረስ የውፍረት ደረጃ አለው። ይሄ ለአማርኛ ብርቅ ነገር ነው። ለንባብ 400፣ ለቪዲዮ 500 ወይም 600፣ ለርዕስ 700 እያላችሁ ከአንድ ቤተሰብ ሳትወጡ ሙሉ ኮርስ ትሠራላችሁ። ቦልዱም በትክክል የተሳለ ቦልድ ነው። ይሄ ለምን እንደሚጠቅም ኒያላ ላይ ስንደርስ ይገባችኋል።

ሌላ ጥቅምም አለው። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች የግዕዝን ፊደል የሚያሳዩት በዚሁ በኖቶ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ የእናንተ ፎንት በሆነ ምክንያት ተማሪው ስልክ ላይ ባይጫን እንኳ የሚተካው ቅርብ ዘመዱ ይሆናል። ገጹ አይዘበራረቅም።

ጉድለቱስ? ረጅም ጽሑፍ ላይ ትንሽ ይደርቃል። ሃያ ገጽ የታሪክ ንባብ በኖቶ ሳንስ አንብቤ አውቃለሁ። ፊደሉ ይለያል፣ ዓይን ግን መስመሩን ይዞ የሚሄድበት ምት ያጣል። ይሄ የእኔ ስሜት ነው፣ የማይስማማ ሰው እንዳለም አውቃለሁ።

*ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ።* የቤተሰቡ ሌላኛው ልጅ። ወፍራምና ቀጭን ጭረት ይፈራረቅበታል፣ የመጽሐፍ መልክ አለው። እሱም ብዙ የውፍረት ደረጃ አለው። ረጅም ንባብ ላላቸው ኮርሶች፣ ለሥነ ጽሑፍ፣ ለታሪክ፣ ለሕግ ኮርሶች የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው። ርዕሱን በኖቶ ሳንስ፣ ሐተታውን በኖቶ ሰሪፍ ብታደርጉት ሁለቱ ይግባባሉ። ቪዲዮ ላይ ግን አልጠቀመውም፣ ቀጫጭኖቹ ጭረቶች ሲጨመቁ ይጠፋሉ።

*አቢሲኒካ።* ኤስአይኤል የሚባለው ድርጅት ያዘጋጀው ነው። የብራናውን የእጅ ጽሕፈት ተከትሎ የተሳለ፣ የመቃ ብዕር እጅ ያለበት ፎንት። በእኔ ዓይን ከነፃዎቹ ሁሉ ፊደላችንን ፊደላችን አስመስሎ የሚያሳየው እሱ ነው። በትልቁ ሲታይ ደስ ይላል፣ ታትሞ ሲወጣ ደግሞ የበለጠ። ለግዕዝ ቋንቋ ኮርስ፣ ለቅኔ፣ ለቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከእሱ የሚቀድም የለም።

ችግሩ አንድ ውፍረት ብቻ ያለው መሆኑ ነው። ቦልድ የለውም። ስለዚህ አንድን ቃል ማጉላት ስትፈልጉ ቦልድ የሚለውን አትጫኑ፣ ቀለም ቀይሩ። አባቶቻችንም ብራና ላይ እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት፣ ሐተታውን በጥቁር፣ ቅዱሳን ስሞችንና ርዕሶችን በቀይ ቀለም። ያ ልማድ ዛሬም ስክሪን ላይ ይሠራል። ብቻ ቀዩ ጠቆር ያለ ይሁን፣ ደማቅ ቀይ ነጭ ላይ ዓይን ይወጋል።

*ኒያላ።* ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከማይክሮሶፍት ጋር የመጣ። ብዙዎቻችን አማርኛ በዩኒኮድ መጻፍ የጀመርነው በእሱ ነው። ዛሬም ቢሆን በየቢሮው የሚወጣ ደብዳቤ ላይ አየዋለሁ። ንድፉ ጥሩ ነው፣ ለዛ አለው፣ ወረቀት ላይ ያምራል። ለኦንላይን ኮርስ ግን ሦስት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ በተመሳሳይ የነጥብ መጠን ከሌሎቹ አነስ ብሎ ይታየኛል፣ ስለዚህ 12 ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ስልክ ላይ ይጠባል። ሁለተኛ፣ ቦልድ የለውም። ቦልድ ስትሉት ኮምፒውተሩ ራሱ ጭረቱን ደርቦ ያወፍረዋል፣ እንደ «ጨ»፣ «ጬ»፣ «ቌ» ያሉት ፊደላት ውስጣቸው ይደፈናል። ሦስተኛ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ከመጀመሪያው አብሮ አይመጣም፣ ተጨማሪ ሆኖ ነው የሚጫነው። ስልክ ላይማ ጭራሽ የለም። እናንተ በኒያላ የሠራችሁትን ተማሪው በሌላ ፎንት ነው የሚያየው፣ መስመሩ ይሰበራል፣ ስላይዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ከሳጥኑ ፈንቅሎ ይወጣል።

*ኢብሪማ።* ይሄም የማይክሮሶፍት ነው፣ ለአፍሪካ ጽሕፈቶች የተሠራ። የግዕዝ ፊደል የተጨመረበት ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ነው። ቀለል ያለ፣ ስክሪን ላይ ጥርት ያለ፣ ቦልድም ያለው። ላፕቶፕ ለሚጠቀሙ ተማሪዎች በዎርድ ወይም በፓወርፖይንት ፋይል የምትልኩ ከሆነ ከኒያላ ይልቅ ኢብሪማ ይሻላል። ግን ድረ ገጽ ላይ ልታስቀምጡት አትችሉም፣ ፈቃዱ ከዊንዶውስ ጋር የተያያዘ ነው።

*ከፋ።* አይፎንና ማክ ላይ ያለው። የአፕል ተጠቃሚዎች ሳይመርጡት ያዩታል። ደህና ነው፣ ይነበባል፣ እናንተ የምትወስኑበት ነገር ግን የለም።

ከእነዚህ ሌላ እንደ ዋሽራና ጅረት ያሉ የሚያማምሩ ነፃ ፎንቶች አሉ። ለኮርሱ ሽፋን፣ ለሰርተፊኬት፣ ለማስታወቂያ ተጠቀሙባቸው። ሐተታ ላይ አታምጧቸው።

እንግዲህ ፈቃዱን ካነሳን አይቀር፦ ኖቶና አቢሲኒካ ክፍት ፈቃድ አላቸው። የሚሸጥ ኮርስ ላይም ብታውሏቸው፣ ፋይል ውስጥ ብታቅፏቸው፣ ድረ ገጻችሁ ላይ ብትጭኗቸው የሚጠይቃችሁ የለም። ለእኔ ይሄ ብቻውን ግማሹን ውሳኔ ይወስናል።

ቪዲዮ ከሆነ

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የፓወርፖይንት ሰፊ ስላይድ 13.33 በ7.5 ኢንች ነው። በ1080 ጥራት ስትቀዱት እያንዳንዱ የፎንት ነጥብ ሁለት ፒክስል ይሆናል። 24 ነጥብ የጻፋችሁት ቃል 48 ፒክስል ያገኛል ማለት ነው። ደህና ይመስላል። ግን ፓኬጁ እንዳያልቅበት የሚሳሳ ተማሪ በ360 ነው የሚያየው። 1080 ወደ 360 ሲወርድ ሁሉም ነገር ሲሶ ይሆናል፣ 48 ፒክስል የነበረው 16 ይሆናል። በ16 ፒክስል ውስጥ ነው እንግዲህ የ«ቤ» ቀለበት ክብነቷ መታየት ያለበት። አይሆንም።

ስለዚህ ስላይድ ላይ ከ36 ነጥብ በታች አልወርድም። 36 ነጥብ በ360 ጥራት 24 ፒክስል ይሆናል፣ ያኔ ቀለበቷ ትታያለች። ውፍረቱ ከ500 እስከ 600። «ይሄን ያህል ትልቅ ከሆነ ጽሑፌ አይበቃም» የሚል ካለ፣ ልክ ነው፣ አይበቃም፣ መብቃትም የለበትም፤ አንድ ስላይድ ላይ አሥራ ሁለት መስመር ጽፎ እሱኑ ማንበብ ማስተማር አይደለም፣ ተማሪው ከእናንተ ቀድሞ አንብቦ ይጨርስና ትቶአችሁ ይሄዳል። አምስት መስመር ይበቃል።

እኔ ያንን የ«ቢት» ስላይድ በኖቶ ሳንስ 600፣ በ40 ነጥብ ቀይሬ በዚያው ስልክ፣ በዚያው 360 አየሁት። ተለየ።

በቴሌግራም የሚላክ ፒዲኤፍ ከሆነ

እኛ አገር ኮርስ ሲባል ግማሹ ቴሌግራም ላይ ነው ያለው። ፒዲኤፍ ይላካል፣ ተማሪው ታክሲ ውስጥ ይከፍተዋል። እና ያ ፒዲኤፍ ብዙ ጊዜ በኤ4 የተሠራ ነው፣ ለወረቀት።

ኤ4 ስፋቱ 210 ሚሊሜትር ነው። የስልክ ስክሪን ወደ 70 ሚሊሜትር ገደማ። ገጹ ስክሪኑን እንዲሞላ ሲጠብ 12 ነጥብ የነበረው ፊደል 4 ነጥብ ያህል ይሆናል። ተማሪው በሁለት ጣት ያጎላዋል፣ መስመሩን ለመጨረስ ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ ወደሚቀጥለው መስመር ለመሄድ ወደ ግራ ይመልሳል። በየመስመሩ። አርባ ገጽ እንዲህ አድርጎ የሚያነብ ሰው ካለ እግዚአብሔር ይስጠው፣ እኛ ግን ልናደርግበት አይገባም።

መፍትሔው ገጹን ማጥበብ ነው። ኤ5 ላይ፣ 148 ሚሊሜትር ስፋት፣ በ18 ነጥብ ጻፉት። ስልኩ ላይ 8 ነጥብ ተኩል ይሆናል፣ ሳያጎላ ይነበባል። ጠርዙንም ቀንሱ፣ ስልክ ላይ ባዶ ጠርዝ የሚይዝ እጅ የለም። ለዚህ ሥራ ኖቶ ሰሪፍ ወይም አቢሲኒካ። ጽሑፉ አጫጭር ከሆነ፣ ጥያቄና መልስ ብቻ ከሆነ ኖቶ ሳንስ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ግራና ቀኝ እኩል አድርጋችሁ አታሰልፉት። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው። «እንዳልተመለከታቸው» የሚል ቃል ጠባብ መስመር ላይ ሲመጣ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርድና ከላይ የቀሩት ሁለት ቃላት ተለጥጠው መሐላቸው ገደል ይሆናል። ከግራ አስጀምሩት፣ ቀኙ እንደፈለገ ይሁን።

ድረ ገጽ ወይም ሙድል (የኦንላይን ትምህርት መድረክ) ላይ ከሆነ

እዚህ ላይ ክብደት ያስጨንቀኛል። የአማርኛ ፎንት ከላቲን ይከብዳል፣ ፊደሉ ብዙ ነዋ። ዘጠኙንም ውፍረት ከጫናችሁ ተማሪው ገጹ እስኪከፈት ፓኬጁን ይከፍላል። ሁለት ውፍረት ይበቃል፣ 400 እና 700። ዎፍ2 (WOFF2) በሚባለው ለድረ ገጽ በተዘጋጀ የፎንት ፋይል ዓይነት የታመቀውን ተጠቀሙ። ፎንቱ እስኪወርድ ድረስም ጽሑፉ በስልኩ በራሱ ፎንት እንዲታይ አድርጉ፣ ሰው ባዶ ገጽ ፊት አይቀመጥ። የሚሠራላችሁ ባለሙያ ካለ ይሄን በሁለት መስመር ኮድ ያስገባዋል። የገጹ ቋንቋ አማርኛ ተብሎ መመዝገቡንም ጠይቁት። ብዙ የአማርኛ ገጽ እንግሊዝኛ ተብሎ የተመዘገበ ነው፣ ስክሪን አንባቢዎች ደግሞ የሚያምኑት ያንን ነው።

መጠኑ 18 ፒክስል፣ የመስመሩ ርቀት 1.6 ወይም 1.7። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ አንባቢው የመስመር ርቀቱን 1.5 ቢያደርገው ገጹ እንዳይበላሽ ይጠይቃል። እኔ ለአማርኛ ከዚያ ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ። የላቲን ትንንሽ ፊደላት ከላይና ከታች አየር አላቸው፣ የእኛ ፊደላት ግን አብዛኞቹ ቁመታቸው አንድ ነው፣ እንደ አጥር ይቆማሉ። ሁለት አጥር ሲቀራረብ ዓይን መስመር ይስታል።

ቀለም ላይ ደግሞ ያው መመሪያ የሚለው ለመደበኛ ጽሑፍ የፊደሉና የጀርባው ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን ነው። ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ ዘመናዊ ይመስላል፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ግን ባዶ ገጽ ነው። ጥቁር ወይም ጥቁር ለመሆን የቀረበ ይሁን፣ በቃ።

ያዘመመ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ወርሰን አማርኛውንም እናዘምመዋለን። ተዉት። ፊደላችን የተዘመመ መልክ የለውም፣ ኮምፒውተሩ ነው ገፍቶ የሚያጋድመው።

እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት ኮርስ

ፕሮግራሚንግ፣ ሒሳብ አያያዝ፣ ነርሲንግ፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ራሱ። ሁለቱ ፊደላት በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይጫነዋል። ለእንግሊዝኛው ኖቶ ሳንስ ካደረጋችሁ ከአማርኛው ኖቶ ጋር ይሄዳል። ተማሪዎቻችሁ የማየት ችግር ካለባቸው ወይም እንግሊዝኛ ጀማሪ ከሆኑ ደግሞ አትኪንሰን ሃይፐርሌጂብልን ሞክሩት። አሜሪካ ያለው ብሬል ኢንስቲትዩት ነው ያወጣው፣ ነፃ ነው፣ ትንሹን ኤል፣ ትልቁን አይ እና ቁጥር 1ን በግልጽ ይለያቸዋል። ኮድ የሚማር ሰው ይሄን ልዩነት ካላየ ቀኑን ሙሉ የማይሠራ ኮድ ሲያይ ይውላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና አማርኛው ገዝፎ ወይም አንሶ ከታያችሁ ከአምስት እስከ አሥር በመቶ አስተካክሉት።

ቁጥሩን በ1፣ 2፣ 3 ጻፉት። የግዕዙን ቁጥር እወደዋለሁ፣ ግን ትንሽ ስክሪን ላይ ከላይና ከታች ያሉት መስመሮች መሐሉን ይውጡታል፣ ፮ እና ፯ን ለመለየት ዓይን ይታገላል። የምዕራፍ ቁጥር ላይ፣ በትልቁ፣ ያምራል።

ፊደል ለሚቆጥሩ ልጆች

ይሄኛው ከሁሉም ይለያል። ውጭ አገር፣ በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በአውሮፓ፣ ቅዳሜና እሑድ በዙም አማርኛ የሚማሩ ልጆች አሉ። ቤት ውስጥ ይሰሙታል፣ መንገድ ላይ ግን አንድም የአማርኛ ጽሑፍ አያዩም። አዲስ አበባ ያለ ልጅ «ሱቅ» የሚለውን በአሥር ዓይነት ጽሕፈት፣ በቀለም፣ በቆርቆሮ፣ በግድግዳ ላይ እያየ ያድጋል። የውጭው ልጅ የሚያየው እናንተ የምታሳዩትን ብቻ ነው። ስለዚህ እናንተ የመረጣችሁት ፎንት ለዚያ ልጅ ፊደሉ ራሱ ነው።

እኔ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኖቶ ሳንስን እመርጣለሁ። ልጁ በእርሳስ ነው የሚጽፈው፣ የእርሳስ ጭረት ደግሞ አንድ ውፍረት ነው ያለው። አቢሲኒካን አሳይታችሁት «እንዲህ ጻፍ» ስትሉት ያንን ወፍራምና ቀጭን በእርሳስ ለማምጣት ሲታገል አይቻለሁ፣ ያለቀሰም አለ። አንድ ስክሪን ላይ አንድ ፊደል ብቻ አስቀምጡ፣ ከ150 ነጥብ በላይ። ሁለት ፎንት አታቀላቅሉ። ገበታውን ከጨረሰ በኋላ ያንኑ «ሀ» በአቢሲኒካ አሳዩትና «ይሄስ ማን ነው?» በሉት። ሲያውቀው ፊቱ ይበራል፣ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ሲከፍት አይደናገጥም።

ፋይሉ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት

ፓወርፖይንት የምትልኩ ከሆነ ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሴቭ ውስጥ ግቡና ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ እንዲያቅፍ ምልክት አድርጉ። አለበለዚያ ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ ላኩ፣ እሱ ፎንቱን አብሮ ይይዛል። ከዚያ ለሌላ ሰው ላኩና የእሱ ስልክ ላይ ክፈቱት፣ የእናንተ ላይ አይደለም። የእናንተ ስልክ ላይ ፎንቱ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፣ ያታልላችኋል።

ቀድሞ የተቀዱ ቪዲዮዎች ላላችሁ፣ ሁሉንም እንደገና ቅዱ አልልም። አርባ ቪዲዮ ድጋሚ መቅዳት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የስላይዶቹን ጽሑፍ ብቻ አውጡና በኖቶ ሳንስ፣ በኤ5፣ በ18 ነጥብ አድርጋችሁ ከየቪዲዮው ሥር ለጥፉት። እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት ይሄንን ነው፣ ለአርባው ሦስት ማታ ፈጀብኝ።